የስቶሩ አይጦች

«ድምፄን ስሚኝ እስቲ» አለ ባዩ። አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀበረና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሃሎ፣ አቶ ገብረ ጻድቅ ነዎት? ሃምሳ አለቃ ሠረቀብርሃን እባላለሁ። ከስቶር ነው የምደውለው።»

ማኅደር መሬት መሬቱን ታያለች።

«ምነው፣ አልወፈረም? ልጨምርበት?»

«ወፍሯል።»

«እንግዲያው አለቀ። እኔ ወደ መንገዱ እወጣለሁ። አንቺ ዐውድማ ሄደሽ አጎቴ አጠገብ ስትደርሺ ሚስኮል ታደርጊልኛለሽ፣ ወዲያው እደውላለሁ፣ ስልኩን ትሰጫቸዋለሽ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ‹ልጅዎ ተሰውቷል፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት› እላቸዋለሁ። እሳቸውም ያምናሉ፣ እናትሽም ታለቅሳለች፣ እኛም እንተኛለን።»

ባዩ የአጎቷ ልጅ ነው። በሁለት ዓመት ይበልጣታል። ቀልደኛ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ወፍራም ድምፁን ሲያወጣ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን እየቀለደ አልነበረም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አግዳሚ ሲሸከም፣ ውኃ ሲቀዳ፣ እንግዳ ሲቀበል ሰንብቶ ዓይኑ ቀልቷል።

«እውነቱን እኮ ነው የምነግራቸው» አለ። «ውሸቱ ሰውየው ብቻ ነው።»

ማኅደር የአክስቷን ስልክ በሁለት እጇ ይዛለች። ሃምሳ አለቃ ሠረቀብርሃን የሚባል ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ለባዩ የነገረችው አሁን፣ እዚሁ ከቤቱ ጀርባ ነው። ለሌላ ለማንም አልነገረችም። ሰውየውን የፈጠረችው እሷ ናት። ስሙን ከትምህርት ቤታቸው ዘበኛ ወሰደች፤ ማዕረጉን ከራሷ ጨመረችለት።

«የቆርቆሮዋ አይጥም ውሸት ናት?» አለ ባዩ።

«አዎ።»

«ሥጋ ቆርቆሮ ውስጥ የወለደችው?»

«አዎ አልኩህ እኮ።»

«አቦ» አለና ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ ክፍላችን ላለው ሁሉ አውርቻታለሁ።»

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ወንድሟ ቃለ አብ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልመጣለት ሲል፣ ጎረቤላ ከተማ ሥራ ሲፈልግ ከረመና አንድ ቀን ወታደር ቤት ገባ። ሥልጠናውን ጨርሶ ግንባር ሲመደብ የደወለው ለማኅደር ነበር። እሷ ደብረ ብርሃን፣ ፋብሪካ ከምትሠራው አክስቷ ከሣራ ጋር ሆና አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ወላጆቿ ስልክ የላቸውም። ከአንኮበር ገደል አፍ ላይ ካለው መንደራቸው የሚመጣውም ሆነ ወደዚያ የሚሄደው ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው።

«ለአባባ ስቶር ተመደበ በያቸው» አላት ቃለ አብ። «ከጦሩ ኋላ፣ ዕቃ ጠባቂ። እማዬ ግንባር መሆኔን ከሰማች እህል አትቀምስም።»

እሺ አለች። ያሰበችው ያቺን አንዲት ቃል ተናግራ ዝም ለማለት ነበር። አባቷ ግን ጠያቂ ሰው ናቸው። ስቶሩ ውስጥ ምን አለ? አሉ። ዱቄት፣ ስኳር፣ ብርድ ልብስ አለች። አለቃው ማነው? ሃምሳ አለቃ ሠረቀብርሃን። ምን ዓይነት ሰው ነው? ደግ ነው፣ ግን ያንኮራፋል። እሱ ሲያንኮራፋ የቃለ አብን ጆሮ ስለሚደፍነው አይጦች እየገቡ ስኳሩን ጨረሱት፤ ቃሌ በአይጦቹ ተማሯል።

አባቷ በዚህ ሳቁ። አቶ ገብረ ጻድቅ በዓመት አንዴ ቢስቁ ነው። ስለዚህ ለገና ስትመጣ ሌላ አይጥ፣ ለፋሲካ ስትመጣ ደግሞ ሌላ አይጥ ይዛ መጣች። እሳቸውም ወሬውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ እድር፣ ጎረቤላ ገበያ አደረሱት። የቃለ አብን አይጦች ያልሰማ ሰው በመንደሩ ጠፋ።

መርዶው የደረሰው ከትናንት ወዲያ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። እናቷ በላይነሽ ጋቢ የደረቡ ወንዶች በዚያ ሰዓት ደጇ ላይ ሲቆሙ አይታ፣ ማንም ሳይናገር ወደቀች። አባቷ ግን የተነገራቸውን እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ተሳስታችኋል» አሉ። «የእኔ ልጅ ስቶር ነው። ጥይት ስቶር ድረስ አይመጣም። ቃለ አብ የሚባለውም የእኔ ልጅ ብቻ አይደለም።» ከዚያ በሬዎቻቸውን ነድተው ገብስ ለመውቃት ዐውድማ ሄዱ። ማኅደርና ሣራም በዚያኑ ቀን ከደብረ ብርሃን ደረሱ።

ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰውም ተቀምጧል፣ ለቅሶ ግን የለም። የቤቱ አባወራ ልጄ አለ እያሉ የሚያለቅስ ሰው፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሞት እንደሚጠራ ነው የሚቆጠረው። እናቷ ድምፅ ባወጣች ቁጥር አባቷ እየገቡ «በሕይወት ባለ ልጅሽ ላይ አታሟርቺ» ስላሏት፣ ድንኳኑ ውስጥ ደረቅ ዓይኗን ይዛ ተቀምጣለች።

ረሺድ የሚባል የአልዩ አምባ ልጅ ከቃለ አብ ጋር አንድ ምሽግ ነበር። እሱም ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ትናንት በባዩ ስልክ አባቷን አገኛቸው። «አባቴ፣ አብሬው ነበርኩ፤ እጄ ላይ ነው ያረፈው» አላቸው እያለቀሰ። አቶ ገብረ ጻድቅ አልተቆጡም። «አይዞህ ልጄ፣ ፈጣሪ ምሕረቱን ያምጣልህ» አሉት። «አንተ ምሽግ ሆነህ ስቶር ያለውን ሰው በምን ታየዋለህ? አይጥ ስኳሩን ጨረሰብኝ እያለ የሚያማርር ልጅ ምሽግ ምን አመጣው? ሌላ ሰው ነው ያየኸው።»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማኅደርን ጠርተው እንዲህ አሏት። «ያንን ሃምሳ አለቃ በስልክ አገናኚኝ። አለቃው እሱ ነው። እሱ ሞተ ካለኝ ልጄ ሞቷል።»

«ወሰንሽ?» አለ ባዩ።

«ቆይ፣ እማዬን ልያት።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰዉ ጎን ለጎን ተደጋግፎ ያንቀላፋል። ጊዜው የመከር ነው። የሁሉም ገብስ ገና አልተሰበሰበም፤ ከገደሉ በታች ደግሞ እህል የሚያበሰብስ ጉም እየተነሣ ነው። ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ጉሙን፣ አንድ ጊዜ የድንኳኑን ምሰሶ ያያል። የእድሩ ዳኛ አክስቷን ሣራን ወደ ጥግ ወስዶ በሹክሹክታ ይነዘንዛታል።

«እኔ ምን ላድርግ በይኝ? ድንኳኑን ታች ሰፈር ይፈልጉታል። እዚያ ያሉት አሮጊት ከአሁን አሁን እያሉ ነው።»

«እስካሁን ካልሞቱ ምን አስቸኮለህ?»

«ወይ ይለቀስና እንነሣ፣ ወይ ልጁ አለ ይባልና እንነሣ። ሰው ደከመው።»

«የደከመው ይሂዳ።»

«አይሄድም እኮ፣ ችግሩ ያ ነው። ለቅሶ ቤት መጥተው ሳያለቅሱ መሄድ ነውር ነው። እናልቅስ ብንል ደግሞ ሟች የለም።»

ሣራ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ነው ያደረችው፤ እግሯ አብጧል። ማኅደርን ስታይ ዓይኗን በዓይኗ ያዘችና ቶሎ ወደ ሌላ ዞረች። አክስቷ እንደምትጠረጥር ማኅደር ታውቃለች። ቃለ አብ ሲደውል ብዙ ጊዜ በሣራ ስልክ ነበር፤ የደብረ ብርሃኑ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ውጭ ወጥተው ቢያወሩም ግድግዳው ወሬ አያስቀርም።

እናቷ ከሴቶቹ መሐል ሣር ላይ ተቀምጣለች። ማኅደር አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«በላሽ?» አለች እናቷ።

«በልቻለሁ።»

«አባትሽ አልበሉም። በሶ በጥብጬላቸዋለሁ፣ ቤት አለ። ውሰጂላቸው።»

«እሺ።»

እናቷ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ድምፅዋ ሻክሯል። «ሞተ ብዬ ላለቅስለት አልቻልኩ። አለ ብዬም ሥራዬን መሥራት አልቻልኩ። እዚህ ጋ ቆሟል» አለችና ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች። «ውኃ አይወርድልኝም፣ ማኅደር።»

ማኅደር ልትናገር አፏን ከፈተች። በዙሪያቸው ያሉት ሴቶች ሁሉ ጆሯቸውን እንዳቆሙ አየች። «በሶውን ላድርስ» ብላ ተነሣች።

ዐውድማው ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ከፍታ ላይ ነው። ባዩ የበሶውን ቅል ይዞላት ግማሽ መንገድ ሸኛትና ወደ ላይ ወደ መኪናው መንገድ ተለየ። «ሚስኮል» አለ፣ በሁለት ጣቱ ጆሮውን እያሳየ። «ሼም ከያዘሽ ደግሞ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ የለሽበትም።»

አባቷ ብቻቸውን ነበሩ። ሌላ ዓመት ቢሆን በዚህ ጊዜ የጎረቤቱ ወንድ ሁሉ መንሹን ይዞ ይመጣ ነበር፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ነዶ ይበትናል፣ አንዱ ጭዱን ይገለብጣል። ለቅሶ ባለበት ቤት ግን ማንም ሥራ አያግዝም። ስለዚህ አቶ ገብረ ጻድቅ ሁለቱን በሬዎች አጣምረው ትንሽ ይዞራሉ፣ ያቆማሉ፣ መንሹን አንሥተው ጭዱን ይገለብጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ እንደገና ይነዳሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። አንዱ ጠጋ ሲል እሳቸው ድንጋይ ይወረውራሉ። ድንጋዩ ግማሽ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ማኅደር እንደ ዐውድማው ሥርዓት ጫማዋን ከዳር አውልቃ ገባች። «አባባ፣ በሶ ይዤልዎት መጥቻለሁ።»

«አስቀምጪው።»

«እማዬ ነች የላከችው። ትንሽ ይቅመሱ።»

ተቀበሏት። ሁለት ጊዜ ጎንጨት አድርገው ቅሉን ወደ ጥላው አስጠጉት።  ጺማቸው ላይ ገለባ ተሰክቷል። ማኅደር መንሹን አንሥታ ጭዱን መገልበጥ ጀመረች፤ እሳቸውም በሬዎቹን አስነሡ።

ጥቂት ዙር ሠሩ። 

«ደወልሽለት?» አሉ አባቷ አጠገቧ ሲደርሱ፣ ሳይቆሙ።

«ገና ነኝ።»

ዞረው እስኪመለሱ ጠበቀች።

«ሲያንኮራፋ የሚያድር ሰው ጠዋት አይነቃም ብዬ ነው እስካሁን ያላስቸኮልኩሽ» አሉ። «አሁን ግን ተነሥቶ ይሆናል።»

መንሹ እጇ ላይ ቆመ። አባቷ የሚያውቁት ሃምሳ አለቃ በዚህ ሰዓት ፊቱን ታጥቦ፣ ቁልፉን ይዞ፣ ስቶሩን እየከፈተ ነው። እሳቸው ለሰውየው እንቅልፍ እንኳ ያስባሉ። ስልኩን ከኪሷ አወጣች። የባዩ ስም ከላይ ነበር። ጣቷን አስጠጋችና መልሳ አነሣችው።

«ምን ልጠይቀው እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ?» አሉ በሚቀጥለው ዙር። «ሞተ ካለኝ ማለቴ ነው። ምን በልቶ ነበር ብዬ። ያን ዕለት በልቶ እንደሆነ። ከዚያ ደግሞ ማንን ጠራ ብዬ። ሰው ማንንም ሳይጠራ አይሞትም።»

«አባባ…»

«የት እንደቀበሩትም እጠይቀዋለሁ። ዛፍ እንዳለውና እንደሌለው።»

በሬዎቹን ይዘው አለፉ። ማኅደር ባዩን አሰበችው። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ብሏል። አባቷን አያውቃቸውም ማለት ነው። ምን በላ ይሉታል፤ ባዩ ከራሱ አንድ ነገር ያበላዋል። ማንን ጠራ ይሉታል፤ እናቱን ያስጠራዋል። ዛፍ አለው ወይ ይሉታል፤ ባዩ ደግ ልጅ ነው፣ ዛፍ ይተክልለታል። አባቷም ያንን ዛፍ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ እድር፣ ጎረቤላ ገበያ ይሄዳሉ። እስኪሞቱ ድረስ ያወሩታል። የቃሌ ኑሮ በእሷ አፍ እንደተፈጠረ ሁሉ፣ ሞቱም ከቤታቸው ጀርባ የተፈጠረ ይሆናል።

ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። ሚስኮል አላደረገችም። ባዩ መጠበቅ ሰልችቶታል።

አባቷ በሬዎቹን አቆሙ። አለንጋውን ዝቅ አደረጉ። «እሱ ነው?»

ስልኩ ይጮኻል። ማንሣትና እጅ መዘርጋት ብቻ ነበር የቀራት። ብታነሣው እናቷ ታለቅስ ነበር። ሰዉም ወደ ገብሱ ይሄድ ነበር።

«አይደለም» አለች። «ባዩ ነው።» ዘጋችው።

«ምን ፈልጎ ነው?»

«ሃምሳ አለቃ ሠረቀብርሃን ነኝ ሊልዎት ነው።»

አባቷ አልገባቸውም። ግንባራቸውን ቋጥረው ጠበቋት።

«ሃምሳ አለቃ ሠረቀብርሃን የሚባል ሰው የለም፣ አባባ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

አቶ ገብረ ጻድቅ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ በምላሳቸው ጠቅ አድርገው በሬዎቹን አስነሡና ዞሩ። እንዳልሰሙ ሁሉ ሙሉ ዙር ዞሩ። አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ።

«አይጦቹስ?»

«አይጦቹም የሉም።»

«ያቺ ቆርቆሮ ውስጥ የወለደችውስ?»

«እሷም። ስቶር የሚባል ነገር የለም። ቃሌ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምሽግ ነበር። ረሺድ ያልዎት እውነት ነው።» ድምፅዋ እንዳይሰበር መንሹን ጨብጣ ያዘች። «ስቶር በያቸው ያለኝ እሱ ነው፣ እማዬ እንድትተኛ። የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ግራው በሬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገብሱን መብላት ጀመረ። አባቷ አልከለከሉትም። አለንጋቸውን ጣሉና ባልተወቃው ነዶ ላይ ተቀመጡ፤ አቀማመጣቸው እንደ መውደቅ ነበር። ማኅደር ትቅረብ ወይስ ትራቅ አላወቀችም። እዚያው ቆመች።

«አይጥ እኮ ከስኳር ይልቅ ዱቄት ነው የሚወድ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ዱቄት ተቀምጦ ስኳር ይበላል ስትይኝ፣ ይቺ ልጅ አንድ ነገር ተሳስታለች ብዬ ነበር። ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከጭላዳዎቹ ሁለቱ ወደ ዐውድማው ጫፍ ደርሰው እህል ለቀሙ። ማንም ድንጋይ አላነሣም።

«ስትዋሺኝ ከረምሽ» አሉ አባቷ። ቁጣ አልነበረበትም። ሰው ከሸክሙ በታች ሆኖ እንደሚናገረው ነው የተናገሩት።

«አዎ።»

«እንግዲህ እውነተኛውን ንገሪኝ። ሲደውል ምን ይል ነበር?»

ማኅደር መንሹን አስቀመጠችና ከነዶው ዳር ተቀመጠች። እውነቱ ከአይጦቹ ይልቅ ለመናገር ይከብድ ነበር፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ጌጥ የለውም።

«ብዙ አያወራም ነበር። ደክሞኛል ነው የሚለው። ሌሊት ሌሊት ስለሚሄዱ፣ ከፊቱ ያለውን ልጅ ቀበቶ ይዞ እየተኛ ይሄድ እንደነበር ነግሮኛል። ከፊት ያለው ረሺድ ነበር። አንድ ቀን ረሺድም ተኝቶ ሁለቱም ቦይ ውስጥ ገቡ።»

«ተጎዱ?»

«አልተጎዱም። ሳቁ።»

«ሌላስ?»

«እግሩ ይነድደው ነበር። ጫማው ይጠበው ነበር። ሲደውል ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እማዬን ነው፣ ቀጥሎ እርስዎን። ከዚያ ‹ዛሬ ስቶር ውስጥ ምን ሠራሁ?› ይለኛል።»

አባቷ ቀና አሉ።

«ለእርስዎ የማወራውን አስቀድሜ ለእሱ ነበር የማወራለት። አይጦቹን ይወዳቸው ነበር። የቆርቆሮዋን አይጥ እንዲያውም እሱ ነው ወለደች ያለው። አንዳንዴ ጓደኞቹም እንዲሰሙ ስልኩን ስፒከር ላይ ያደርገዋል፤ ሲስቁ እሰማለሁ።»

«ይስቅ ነበር?»

«ይስቅ ነበር።»

«መጨረሻ የደወለ ጊዜስ?»

ማኅደር ይህንን ለአክስቷም፣ ለባዩም አልነገረችም። «መናገር አልቻለም ነበር፣ ደክሞት። ‹አንቺ አውሪ፣ እኔ ልስማ› አለኝ። የሃምሳ አለቃውን ማንኮራፋት ሳወራለት እንቅልፍ ወሰደው። ቃሌ ስለው አይመልስም። ሲተነፍስ ግን ይሰማኛል። አልዘጋሁትም። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ያዝኩት።»

«ተኝቶ ነበር» አሉ አባቷ።

«አዎ።»

«ደህና ተኝቶ ነበር።»

«ደህና ተኝቶ ነበር፣ አባባ።»

አቶ ገብረ ጻድቅ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ።  እጃቸውን ሲያነሡ ፊታቸው እንደ ደረቀ ነበር፤ ያረጁ ግን መሰላት። ተነሥተው በሬዎቹን ፈቱ። ከዐውድማው አስወጧቸው። የተወቃውን ገብስ ወደ መሐል ሰብስበው በገለባ መሸፈን ሲጀምሩ ማኅደር አገዘቻቸው። ጭላዳዎቹ እንዳይጫወቱበት ዙሪያውን እሾህ አደረጉበት። ነገ ማንም አይወቃም። ከነገ ወዲያም።

በሬዎቹን ከፊት አድርገው ወደ መንደሩ ሲመለሱ ባዩ ከመንገዱ ሮጦ ደረሰባቸው። አጎቱን አየ፣ ማኅደርን አየ፣ ሊናገር ያሰበውን ዋጠ።

«በሬዎቹን ውሰድ» አሉት አባቷ።

ባዩ ወሰደ። ማኅደር አጠገብ ሲያልፍ ቀስ ብሎ «ነገርሻቸው?» አላት።

«ነገርኳቸው።»

«ሁሉንም?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። 

ድንኳኑ ሲታያቸው አባቷ እርምጃቸውን ቀነሱ። ሰዎች ተነሥተው ሲያዩዋቸው ይታያል። የእድሩ ዳኛ ከሁሉም ቀድሞ ቆሟል።

«ሰዉ አይጦቹን ይጠይቀኛል» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ። «ለሁሉም ያወራሁት እኔ ነኝ። ምን እላለሁ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አፍ ነው የሚያወጡብሽ። ወንድሟ ሲሞት እሷ ተረት ስታወራ ከረመች ነው የሚሉሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ይደርሳል። ዛሬ እናትሽ ታልቅስ።»

ማኅደር እናቷን አሰበች። ዛሬ ካልተናገረች የሚያለቅሱት ስቶር ጠባቂ ሆኖ ለሞተ ልጅ ነው። ሴቶቹ ቁልፉን፣ ስኳሩን፣ ብርድ ልብሱን በለቅሶው ይጠሩታል። ቃለ አብ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ቦይ ውስጥ ወድቆ የሳቀው፣ እግሩ የነደደው፣ ስልክ ይዞ የተኛው ልጅ ሳይለቀስለት ይቀራል።

«ዛሬ ነው የምነግራቸው» አለች።

አባቷ አልተከራከሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። ደጃፉ ላይ ቆሙ። ማኅደር አልፋቸው ገባች። ያንቀላፉት ነቅተው እርስ በርስ ተያዩ። ሣራ ከጥግ ተነሣች። ማኅደር በአግዳሚዎቹ መሐል አልፋ እናቷ ጋ ደረሰችና ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ የእናቷን ጉልበት ነካ።

«እማዬ» አለች፣ በስተኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ቃሌ ስቶር አልነበረም።»